የማህበራዊ ሥራ ፈጠራ ትብብር ምንድን ነው?

አንድ ሰው በአካባቢው ያየውን ችግር ለመፍታት ድርጅት ያቋቁማል። ለአካል ጉዳተኞች ሥራ የሚፈጥር ወይም ቆሻሻ ሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ድርጅት ሊሆን ይችላል። ዕቃ ወይም አገልግሎት እየሸጠ ወጪውን ይሸፍናል። ትርፉን ግን በአብዛኛው ለተነሳበት ዓላማ ያውለዋል። ማህበራዊ ሥራ ፈጠራ የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት በእግሩ እንዲቆም ማዘጋጃ ቤት፣ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የእርዳታ ድርጅትና ኩባንያ ሥራ ተከፋፍለው ሲደግፉት ደግሞ ትብብር ተፈጠረ እንላለን።

ዋናው ነገር ሥራ መከፋፈሉ ነው። ብዙ ቦታ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፤ ከዚያ ሁሉም ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠና ጥሩ ነው። ግን ሦስት ድርጅት ያንኑ ሥልጠና ቢሰጥ ሥራ ፈጣሪው የምስክር ወረቀት ይዞ ገበያ ፍለጋ መዞሩ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት የሚቸግረው ገንዘብና ገዢ ነው። ባንክ ሲሄድ መያዣ አምጣ ይባላል። እርዳታ ሰጪ ጋ ሲሄድ ደግሞ አንተ እኮ ነጋዴ ነህ ይሉታል። መሃል ላይ ይቀራል። ይህን ክፍተት አንድ ተቋም ብቻውን አይዘጋውም። የእርዳታ ድርጅቱ ለብድሩ ከፊል ዋስትና ቢሰጥ ግን ባንኩ ለማበደር ይደፍራል።

የካናዳዋ ኩቤክ በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 የግዛቲቱ መንግሥት ስለ ኢኮኖሚና ሥራ በጠራው ጉባኤ ምክንያት የኅብረት ሥራ ማህበራትን፣ የሠራተኛ ማህበራትንና የማህበረሰብ ድርጅቶችን ያሰባሰበ ጥምረት ተወለደ። በቀጣዩ ዓመት ለማህበራዊ ድርጅቶች ያለ መያዣ የሚያበድር ፈንድ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ሌላ ፈንድ ደግሞ የብድሩን ዋና ገንዘብ እስከ 15 ዓመት ድረስ አይጠይቅም። ለጀማሪ ድርጅት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ገዢን በተመለከተ ከጣሊያን ብዙ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ቁጥር 381 ሕግ ለማህበራዊ ኅብረት ሥራ ማህበራት እውቅና ሰጠ። ከእነዚህ ማህበራት በአንዱ ዓይነት ውስጥ ከሠራተኞቹ ቢያንስ 30 በመቶው ሥራ ለማግኘት የሚቸገሩ ሰዎች መሆን አለባቸው። አካል ጉዳተኞችና ከሱስ በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሕጉ የአካባቢ መስተዳድሮች እስከተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ በመደበኛው ጨረታ ሳያልፉ ከእነዚህ ማህበራት ጋር እንዲዋዋሉ በር ከፈተ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ትንንሾቹ ማህበራት እርስ በርስ የሚመሠርቱት ኅብረት ነው። በሕጉ መሠረት ከአባላቱ ቢያንስ 70 በመቶው ማህበራዊ ኅብረት ሥራ ማህበራት ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ኅብረት ትልልቅ ጨረታ ላይ ይወዳደራል፤ የሂሳብና የሥልጠና ሥራውን ለሁሉም በአንድ ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ ማህበር ደግሞ ትንሽ እንደሆነ፣ ሰዎቹን በስም እያወቀ በአካባቢው ይቀጥላል። ለማደግ ሲል ሰፈሩን ትቶ መሄድ የለበትም።

ትብብር የራሱ ጣጣም አለው። አምስት ደጋፊ አምስት ዓይነት ሪፖርት ከጠየቀ ሥራ ፈጣሪው ጊዜውን የሚጨርሰው ወረቀት ሲሞላ ነው። አንድ ቅጽ ለሁሉም እንዲበቃ ከመጀመሪያው መስማማት ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያነሳውም። ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይም ሥራ ፈጣሪውና የአካባቢው ነዋሪ ወንበር ሊኖራቸው ይገባል። ችግሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ከመፈራረም በፊት ማን ምን ያህል እንደሚገዛ፣ ዋስትናውን ማን እንደሚሰጥና ኪሳራ ቢመጣ ማን እንደሚሸከም በግልጽ ይጻፍ። ክፍያው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈጸምም ውሉ ላይ ይግባ። ትልቅ ተቋም ክፍያ ሲያዘገይ ብዙም አይሰማው ይሆናል። ትንሹ ድርጅት ግን የሠራተኞቹን ደሞዝ የሚከፍለው ከዚያችው ገንዘብ ነው።