የቤንዚን መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ምንድን ነው? አካባቢንስ ምን ያህል ያስከፍላል?

ያረጀች ትንሽ መኪና ጋራዥ ትገባለች። የቤንዚን ሞተሯ ይወርዳል፤ ማርሚታዋ፣ ራዲያተሯና የነዳጅ ታንኳ ይፈታሉ። በምትካቸው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ባትሪና በሁለቱ መካከል ኃይሉን የሚመጥን ኢንቨርተር ይገባላታል። ቦዲዋ፣ መሪዋ፣ ወንበሯ፣ አብዛኛውን ጊዜም ካምቢዮዋ እንዳሉ ይቀራሉ። ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር የሚባለው ይህ ነው፤ ከፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሆና የወጣች መኪና መግዛት ሌላ ጉዳይ ነው።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ነገር ግን የቤንዚን ሞተር መኪናዋን ከማንቀሳቀስ ሌላ በጓዳ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ሲወጣ ነው የሚታወቀው። ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ቫኪዩም ነው። ሞተሩ ከሌለ ፔዳሉ ድንጋይ ስለሚሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ መግባት አለበት። የጋቢናው ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከሞተሩ ውሃ ነበር፤ አሁን ከባትሪው ላይ ይቀንሳል። ለመብራትና ለክላክስ 12 ቮልት ይሰጥ የነበረው ዲናሞም ስለሌለ የትልቁን ባትሪ ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ያስፈልጋል። አዲሱን ሞተር ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር የሚያጋጥመው በልክ የተቆረጠ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው፤ ሁለቱ ዘንጎች መሃል ለመሃል ካልተገናኙ ኩሽኔታው ብዙ አይቆይም። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበት ስላለው ብዙዎቹ ባለቤቶች ማርሽ መቀያየሩን እርግፍ አድርገው ትተው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ብቻ ይነዳሉ።

ትንሽ መኪና የምትመረጠው በክብደት ምክንያት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል፤ አንድ ኪሎ የሊቲየም ባትሪ ከነሳጥኑ 0.15 ቢይዝ ነው። ክፍተቱን የሚያጠበው የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶውን ብቻ ሲጠቀም የኤሌክትሪኩ 90 በመቶ ያህሉን መጠቀሙ ነው። ቢሆንም ከባድ መኪና ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፣ ትልቅ ባትሪ ደግሞ ራሱ ክብደት ነው። የቀድሞ ቀያሪዎች በእርሳስ ባትሪ ሲሠሩ የነበረባቸው ጣጣም ይኸው ነበር፦ ለ20 ኪሎዋት ሰዓት ከ500 ኪሎ በላይ እርሳስ መሸከም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ትንሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለምትፈጅ 20 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ እስከ መጨረሻው ስለማይሟጠጥ፣ 110፣ ቢበዛ 120 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። ለዕለት ጉዳይ ይበቃል። የስዊድኑ የአካባቢ ጥናት ተቋም አይቪኤል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለማምረት ከ61 እስከ 106 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ይኸው ተቋም በ2017 የገመተው ከ150 እስከ 200 ነበር። ምርቱ እየተሻሻለ ነው ማለት ነው። 80 ብለን ብንይዝ ባትሪው ብቻ 1,600 ኪሎ ይመጣል። የሞተሩን መዳብና ማግኔት፣ ኢንቨርተሩንና ኬብሉን ደርበን፣ ለጥንቃቄም ወደ ላይ አጠጋግተን፣ 2 ቶን እንበል። ይህ መኪናዋ አንድ ሜትር ሳትሄድ የተገባ የካርቦን ዕዳ ነው።

ዕዳው የሚከፈለው ሳይቃጠል በቀረ ቤንዚን ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የምትጠጣ መኪና 14 ኪሎ ገደማ ታወጣለች፤ ድፍድፉን ለማውጣት፣ ለማጣራትና ለማጓጓዝ የሚቃጠለው ሲታከልበት 17 ይጠጋል። በኤሌክትሪኩ በኩል ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ ለዚያው መንገድ 17 ኪሎዋት ሰዓት ከመስመር ይወሰዳል። ሁለቱም 17 መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ሒሳቡን ግን ያቀልልናል።

ኤሌክትሪኩ ከግድብ ከመጣ ለ100 ኪሎ ሜትር የሚለቀቀው ከአንድ ኪሎ በታች ስለሆነ 2 ቶኑ በ12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተከፍሎ ያልቃል። በተፈጥሮ ጋዝ ከሚሠራ ጣቢያ ከሆነ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ኪሎ ያህል ካርቦን ስለሚታሰብ መክፈያው ወደ 23,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጣቢያው ያረጀና የድንጋይ ከሰል የሚያነድ ከሆነስ? አንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ካርቦን ይዞ ይመጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ። ከቤንዚኑ ጋር እኩል ሆነ። ዕዳው መቼም አይከፈልም፤ ጭሱ ከከተማው ጎዳና ተነስቶ ወደ ጣቢያው ጭስ ማውጫ ተዛወረ እንጂ። ለጎዳናው ሳንባ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለከባቢ አየሩ ግን ለውጥ የለውም። ከኋላ የሚለጠፈው «ዜሮ ልቀት» የሚል ጽሑፍ እውነት የሚሆነው ማርሚታው በነበረበት ቦታ ብቻ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ነገር ብዙ አድናቂዎችን ደስ አይላቸውም። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የምትሠራ የዕቃ ማድረሻ መኪና በንጹሕ ኤሌክትሪክ ዕዳዋን ዓመት ሳይሞላ ትጨርሳለች። ለውበቷ ተብላ የተቀየረች፣ በዓመት 2,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ የድሮ መኪና ግን በግድብ ኤሌክትሪክም 6 ዓመት ይፈጅባታል፤ በጋዝ ከ11 ዓመት ያልፋል። ፎቶ የሚነሳላት ደግሞ ሁለተኛዋ ናት። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚወድ ይሥራ፣ ያምርበታልም፤ በአካባቢ ጥበቃ ስም ባይሆን ይሻላል።

የባትሪው ዕዳ ብዙ ሲወራለት ማንም የማያነሳው አንድ ነገር አለ፦ የአየር ማቀዝቀዣው ጋዝ። ኮምፕረሰሩ በቺንጋ የሚዞረው በቤንዚን ሞተሩ ስለሆነ ሞተሩ ሲወርድ የጋዙ ቱቦ መፈታቱ አይቀርም። በብዙ መኪኖች ያለው አር134ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኩል ከባቢ አየርን ያሞቃል። ትንሽ መኪና ግማሽ ኪሎ ገደማ ትይዛለች። መካኒኩ መሳቢያ ማሽን ሳያገናኝ ቱቦውን ቢፈታው፣ «ጭስ» ብሎ በወጣ ሰከንዶች ውስጥ 700 ኪሎ ካርቦን ተለቀቀ፤ የጠቅላላው ዕዳ ሲሶ ማለት ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ ደረሰኝ ላይም አይጻፍም። የተቀዳው ዘይትና መርዛማው የራዲያተር ፈሳሽ መሬት ላይ እንዳይደፋ መጠንቀቅማ የታወቀ ነው።

የወጣው ሞተርስ የት ይሄዳል? ብረቱና አሉሚኒየሙ ከቀለጠ፣ ፕላቲነምና ፓላዲየም ያለበት የጭስ ማጣሪያም ለሚያውቅበት ከተሰጠ መልካም። ሞተሩ ደህና ከሆነ ግን ይሸጣል፤ የገዛው ሰው ልትጣል በነበረች ሌላ መኪና ላይ ይገጥመዋል። እዚህ የቆመው ቤንዚን እዚያ መቃጠል ቀጠለ። ሻጩ ከመቀየሪያው ወጪ የተወሰነውን ስለሚመልስበት ይህ ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል።

ባትሪውን ከተጋጨች የፋብሪካ ኤሌክትሪክ መኪና ማውጣት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ የወጣችው ኒሳን ሊፍ የተባለች ኤሌክትሪክ መኪና በቀያሪዎች ዘንድ ተወዳጅ ናት፤ 24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዋ በ48 ሞጁል የተከፈለ ስለሆነ ፈታትቶ በትንሽ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛና ኮፈን ሥር ማከፋፈል ይቻላል። አዲስ ምርት ስለማይጠይቅ ዕዳውን በእጅጉ ያቀልላል። ሆኖም ባትሪዋ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ስላልሆነ ሙቀት ባለበት የኖረ ከሆነ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፤ ሳይለኩ መግዛት አያዋጣም።

ጉዳት ደግሞ ካርቦን ብቻ አይደለም። ኮባልት በብዙ የሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ የሚገባ ብረት ነው፤ ከዓለም ምርቱ 70 በመቶ ገደማ የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው፤ የሕፃናት ጉልበት ጭምር ያለበት ሥራ ነው። በቺሊ አታካማ በረሃ ሊቲየም የሚገኘው ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ ተስቦ በፀሐይ ሲተን ነው። ለትንሽ መኪና የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ መምረጥ ኮባልትንም ኒኬልንም ያስቀራል። ለተመሳሳይ አቅም ይከብዳል፤ ቢሆንም አጭር መንገድ ለምትሄድ መኪና እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ከአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ጋር ሲነጻጸር የመቀየር ትልቁ ትርፍ ቦዲው ነው። አንድ ቶን ብረት ሲመረት በአማካይ 2 ቶን ገደማ ካርቦን ይለቀቃል፤ ያለውን ቦዲ መጠቀም ይህን ያስቀራል። ነገር ግን ዝገት የጀመራት መኪና ከተቀየረች በኋላ 5 ዓመት ብቻ ካገለገለች፣ 15 ዓመት ከምትቆየው አዲስ ጋር ማነጻጸሩ ይከብዳል። በግጭት ጊዜ ተሳፋሪን የመጠበቅ ነገርም አለ፤ አሮጌዋ ስትነደፍ ከኋላ ወንበር ጀርባ 150 ኪሎ ባትሪ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣችው ደንብ ይህን ከግምት ያስገባ ይመስላል። 5 ዓመት ያለፋቸውን መኪኖች መቀየር ፈቅዳለች፤ አንድ የመቀየሪያ ዕቃ ለአንድ ሞዴል ተፈትኖ ከጸደቀ ለዚያው ሞዴል መኪኖች ሁሉ ያገለግላል። የአዲሱ ሞተር ኃይል ከቀድሞው መብለጥ የለበትም፤ የመኪናዋ ክብደትም ከ20 በመቶ በላይ መለወጥ አይችልም። ለ900 ኪሎ መኪና 180 ኪሎ ማለት ነው፤ «ትልቅ ባትሪ ልጨምርባት» የሚል ሰው እዚያ ላይ ይቆማል።