«ሎ ቲሳ»፦ ስለ እግዚአብሔር ስም የተሰጠው ትእዛዝ በዕብራይስጡ
በኦሪት ዘጸአት 20፥7 የተጻፈው «የእግዚአብሔር የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለው ትእዛዝ በዕብራይስጡ ከነማስጠንቀቂያው 17 ቃላት ብቻ ነው። የሰንበት ትእዛዝ በዘጸአትና በዘዳግም በተለያየ ምክንያት ሲቀርብ፣ ይህኛው በዘዳግም 5፥11 ቃሉ ሳይለወጥ ተደግሟል። ዋናው ክፍል «ሎ ቲሳ ኤት ሼም አዶናይ ኤሎሄኻ ላሻቭ» ተብሎ ይነበባል። በጽሑፉ ላይ ያሉት ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ የተባሉት አራቱ የስሙ ፊደላት ሲሆኑ፣ አይሁድ ስሙን ከማክበራቸው የተነሣ በንባብ ጊዜ በእነርሱ ፋንታ «አዶናይ» ይላሉ። አይሁድና ብዙ ፕሮቴስታንቶች ሦስተኛው ትእዛዝ ሲሉት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የካቶሊክና የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ሁለተኛ አድርገው ይቆጥሩታል።

የአማርኛው አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግሡን ነው። በትእዛዙ «ቲሳ» ሆኖ የመጣው «ናሳ» ማንሣት፣ መሸከም፣ መያዝ ማለት ሲሆን የግእዙ «ነሥአ» እና የአማርኛው «አነሣ» የሥር ዘመዶቹ ናቸው። አሮን የእስራኤልን ልጆች ስሞች በትከሻውና በደረቱ ላይ እንዲሸከም በዘጸአት 28 ሲታዘዝም የተነገረው በዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች ትእዛዙን ከአፍ ንግግር አስፍተው፣ በአምላኩ ስም የሚጠራ ሕዝብ ያን ስም በኑሮው እንዳያጎድፍ የሚከለክል አድርገው ይረዱታል። ትርጓሜው ውብ ነው፤ ግሡም አይቃወመውም። ይሁን እንጂ ትእዛዙ በስሙ በከንቱ ወይም በሐሰት መማልን ይከለክላል ለሚለው ንባብ የሚቀርበው ማስረጃ የበለጠ ይመዝናል። በመዝሙር 23፥4 (በዕብራይስጡ 24፥4) ይኸው ግሥና ይኸው «ላሻቭ» (በከንቱ) አብረው ይመጡና ወዲያው «በተንኰል አለመማል» ይከተላቸዋል፤ የመዝሙሩ ባለቅኔ ሁለቱን ነገሮች ጎረቤት አድርጎ ያያቸው እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል።

«ሻቭ» ራሱ ባዶነትንም ሐሰትንም ይይዛል። በዘጸአት 20፥16 «የሐሰት ምስክር» የተባለው «ኤድ ሻቄር» ሲሆን፣ በዘዳግም 5 ግን «ኤድ ሻቭ» ተብሏል። የኦሪት የአራማይክ ትርጉም የሆነው የኦንቄሎስ ተርጉም ይህን ሁለትነት አልሸሸገውም፤ በዘጸአት 20፥7 ውስጥ ሁለት ጊዜ የመጣውን ይህን ቃል መጀመሪያ «በከንቱ»፣ ቀጥሎ «በሐሰት» ብሎ ተረጐመው። የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና ደግሞ ስለ መሐላ በሚናገረው በሼቩዖት ክፍል የከንቱ መሐላን በምሳሌ ያስረዳል፤ የድንጋይ ዓምድን ወርቅ ነው ብሎ የማለ ወይም ግመል በአየር ላይ ሲበር አይቻለሁ ብሎ የማለ ሰው ይህን ሕግ ተላልፏል።

የትእዛዙ ሁለተኛ ክፍል «ኪ ሎ የናቄ» ብሎ ይጀምራል። «ናቂ» ንጹሕ፣ ከበደል ነጻ የሆነ ማለት ነውና፣ አማርኛው «ከበደል አያነጻውምና» ሲል የዕብራይስጡን የፍርድ ቤት ቃና በትክክል ጠብቋል። በሰው ዳኛ ፊት ሐሰተኛ መሐላ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ምስክር የሆነው አምላክ ራሱ ግን በነጻ አያሰናብተውም። ለዚህም ነው ሚሽናን የሚያብራራው የረቢዎች መጽሐፍ ታልሙድ እንደሚለው፣ በሸንጎ ለመማል የቀረበውን ሰው ዳኞቹ «ሎ ቲሳ» በሲና በተነገረ ጊዜ ዓለም ሁሉ እንደ ተናወጠ ያስታውሱት የነበረው። ማስጠንቀቂያው ለንስሐ በር ይዘጋልን የሚለው ጥያቄም በታልሙድ የዮማ ክፍል ተነሥቶ፣ እግዚአብሔር የሚመለሱትን እንደሚያነጻና የማይመለሱትን እንደማያነጻ ተብራርቷል።

ኋላ ላይ ረቢዎች ክልከላውን ከመሐላ አልፈው ወደ ጸሎት አመጡት፤ በታልሙድ የብራኾት ክፍል እንደ ተጻፈው፣ ግድ ሳይኖርበት ቡራኬ የሚናገር ሰውም ስሙን በከንቱ በማንሣቱ «ሎ ቲሳን» እንደ ተላለፈ ይቆጠራል።