የጋይሮ ጌይን ምንድን ነው?

ጌይን ማለት በሪሞት በሚበር ሞዴል ሄሊኮፕተር ላይ የተገጠመው ጋይሮ (የመዞርን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ) ላልታዘዘ መዞር ምን ያህል ጠንካራ መልስ እንደሚሰጥ የሚወስን ቅንብር ነው። ዋናው ሮተር (ከላይ የሚሽከረከሩት ምላጮች) በአንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር የሄሊኮፕተሩ አካል በተቃራኒው መዞር ይጀምራል፤ ይህን የሚገታው የጅራት ሮተር ነው። ይሁንና የዋናው ሮተር ፒች (የምላጮቹ ዝንባሌ) በተለወጠ ወይም ነፋስ ከጎን በመታው ቁጥር የሚያስፈልገው የጅራት ግፊት ስለሚለዋወጥ፣ ጋይሮው የመዞሩን ፍጥነት እየለካ የጅራቱን ሰርቮ (የጅራቱን ምላጮች ፒች የሚለውጥ ትንሽ ሞተር) በተቃራኒው ያዛል። ጌይኑ ሲያንስ ጅራቱ ይንሸራተታል፤ ሲበዛ ደግሞ መሪውን ከልክ በላይ እንደሚጠመዝዝ አዲስ የባጃጅ ሾፌር ማስተካከያውን ራሱን መልሶ እያስተካከለ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

ጋይሮው የሚሠራባቸው ስልቶች ሁለት ናቸው። በሬት ስልት መዞሩ ሲቆም ሰርቮው ወደ መሃል ይመለሳል፤ በሄዲንግ ሆልድ ግን ጋይሮው ምን ያህል እንደዞረ ስለሚይዝ አፍንጫው ወደ ነበረበት አቅጣጫ እስኪመለስ ድረስ አይለቅም። በብዙ ጋይሮዎች ላይ ስልቱም ጌይኑም የሚታዘዙት በአንድ ቻናል (ከሪሞቱ በሚላክ አንድ የትእዛዝ መስመር) ሲሆን፣ ከዜሮ ወዲህ ያለው ቁጥር አንዱን፣ ወዲያ ያለው ሌላውን ስልት ይመርጣል።

ጌይን ከመነካቱ በፊት ግን መረጋገጥ ያለበት አቅጣጫው ነው። የሞተሩ ሽቦ ተነቅሎ ሄሊኮፕተሩ በእጅ ይያዝና አፍንጫው ፈጠን ተደርጎ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በዚህ ጊዜ ሰርቮው የሪሞቱ የጅራት ስቲክ ወደ ግራ ሲገፋ በሚሄድበት አቅጣጫ መሄድ አለበት። በተቃራኒው ከሄደ ጋይሮው መዞሩን በመግታት ፋንታ ያባብሰዋል፤ ሄሊኮፕተሩም ከመሬት እንደተነሣ እንደ እንዝርት ስለሚሾር በስቲክ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

በእኔ አስተያየት የጌይን ችግር ተብሎ ከሚነገረው አብዛኛው የጌይን ችግር አይደለም። የሰርቮው ክንድ ከመግፊያው ዘንግ ጋር 90 ዲግሪ ካልሠራ፣ መጋጠሚያዎቹ ከላሉ፣ ወይም የጅራቱ ተንሸራታች (በጅራቱ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ የምላጮቹን ፒች የሚለውጠው ክፍል) በጣት ሲገፋ ቅንጣት ታህል እንኳ ከተቸከለ፣ በሪሞቱ ላይ የሚለወጥ ቁጥር ይህን አያድነውም። የሰርቮው ዓይነትም እንዲሁ ነው፦ የመሃል ፐልሱ (መሃል ላይ እንዲቆም የሚያዘው የምልክት ርዝመት) 760 ማይክሮ ሰከንድ የሆነ ሰርቮ 1520 ላይ በተቀናበረ ጋይሮ መሃሉን አያገኝም፤ አናሎግ ሰርቮ በሰከንድ 333 ጊዜ ትእዛዝ ከተላከለት ደግሞ ግሎ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ በሬት ስልት፣ ትሪሙ (የሪሞቱ ጥቃቅን ማስተካከያ) ዜሮ ላይ እንዳለ፣ ሄሊኮፕተሩ ባለበት ሲንሳፈፍ አፍንጫው እስኪረጋ ድረስ የዘንጉ ርዝመት ወይም የሰርቮው ቦታ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ወደ ሄዲንግ ሆልድ ይታለፋል፤ በሪሞቱ ላይ ፒችን ከጅራት ጋር የሚያያይዝ ሚክሲንግ (ቅንብር) ካለም ይጠፋል።

ጌይኑ ከመካከለኛ ቁጥር ተነሥቶ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ጅራቱ በፍጥነት መርገብገብ ሲጀምር ትንሽ ይቀነሳል። ፈተናው በመንሳፈፍ ብቻ መደረግ የለበትም፤ ሲንሳፈፍ የረጋ ጅራት ወደ ፊት በፍጥነት ሲበር ሊርገበገብ ይችላል። ውዝዋዜው ዝግ ያለ ከሆነ ግን መንስኤውን በላላ መጋጠሚያ ወይም በዘገምተኛ ሰርቮ መፈለግ ይበጃል።

ጅማ ላይ ለሚያበር ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 16 በመቶ ያንሳል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የጅራቱ ምላጭ በተመሳሳይ ፒች የሚሰጠው ግፊት በዚያው ልክ ሲቀንስ፣ ዋናው ሮተር ያንኑ ክብደት ለመሸከም የሚጠይቀው ኃይል በአንጻሩ ይጨምራል፤ ጅራቱ በሁለት በኩል ይጨነቃል ማለት ነው። በዚህ የተነሣ ፒች በድንገት ሲጨመር ጅራቱ ተሸንፎ ከዞረና ሰርቮው የጉዞው ጫፍ ደርሶ ከሆነ፣ ጌይን መጨመር ፋይዳ የለውም፤ መድኃኒቱ የሮተሩን ዙር ከፍ ማድረግ ወይም ረዘም ያለ የጅራት ምላጭ መግጠም ነው። በሳሳው አየር ጅራቱ በመድከሙ ምክንያት ጅማ ላይ ጅራቱ ሳይርገበገብ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጌይን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ወደምትገኘው ጋምቤላ ሲወረድ ጅራቱን ሊያወዛውዝ ስለሚችል፣ እዚያ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ጥቂት ቀነስ ማድረግ ተገቢ ነው።