ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ፍሉኒክሲን ለምን አይደጋገምም?

ፈረስ ሆዱን ቆርጦት መሬት ላይ ሲንከባለል፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ሲያይ አንጀት ይበላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ፍሉኒክሲን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይሰጥና ካልተሻለው ይደግማል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተጠማዘዘ አንጀት አይፈታም፤ ፈረሱ ተረጋግቶ ሲቆም የዳነ ይመስላል፣ ውስጥ ግን አንጀቱ ደም አጥቶ እየሞተ ሊሆን ይችላል፣ የቀዶ ጥገናው ሰዓትም በዚያው ያልፋል። የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አትድገሙ። የሰጣችሁትን መጠንና ሰዓት ጻፉና ንገሩት። ጡንቻ ላይ መውጋትማ ጭራሽ ይቅር፤ አልፎ አልፎ የተወጋው ቦታ ላይ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ ተራብቶ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ያመጣል። ከበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ጨጓራና አንጀት ያቆስላል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ በተለይ ፈረሱ ውሃ አጥሮት ከሆነ።