«የሕዝብ ትዝታ» ምንድን ነው? ጎተራ አይደለም፣ እርሾ ነው

ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስልኩን ጮክ አድርጎ አንድ ተንታኝ ይሰማል። ተንታኙ ስለ ቀድሞ ፕሬዝዳንቶቻችን እያወራ «የሕዝብ ትዝታ አጭር ነው፣ ረስቷቸዋል፣ ግን ጊዜ ሲሄድ እውነቱ ይጠራል፣ ታሪክ ይፈርዳል» አለ። ይቺን ነገር ከስንት ሰው አፍ ሰምቻታለሁ፣ የትናንቷ ግን በጣም ከነከነችኝ፣ ምክንያቱም እኔ የምሠራው ሰነድ ላይ ነው፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የሰው ቃል ምናምን፣ እና ጊዜ ብቻውን አንድ ነገር ሲያጠራ አይቼ አላውቅም። ወረቀት ሲያበሰብስ ነው ያየሁት።

የሕዝብ ትዝታ ማለት ሚሊዮን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ተደምሮ አይደለም። ስለ ሞተ ሰው በአደባባይ፣ አብረን፣ ደጋግመን የምንለውና የምናደርገው ነው። የት ተቀበረ፣ ማን ንግግር አደረገ፣ በስሙ ምን ተሰየመ፣ በየዓመቱ የሚታሰብበት ቀን አለው ወይ፣ ቲቪ ላይ ሁሌ የምትወጣው ፎቶ የቷ ናት። ይሄን ሁሉ የሚሠራ ሰው አለ፣ ኮሚቴ አለው፣ በጀት አለው፣ አንዳንዴ አዋጅም አለው።

ተንታኙ ነገሩን እንደ ጎተራ ነው የሚያየው፣ እህሉ አንዴ ገብቷል፣ ነቀዝ ካልበላው ሲከፈት እዛው ነው። እኔ ግን እርሾ ነው የምለው። እናቶቻችን ሲያቦኩ ዱቄቱ የዛሬ ነው፣ ውሃውም የዛሬ ነው፣ ከትናንት የምትመጣው ያቺ ትንሽ እርሾ ብቻ ናት፣ እንጀራው ግን ጣዕሙን የሚይዘው ከሷ ነው። አዲስ ትውልድም የራሱን ዱቄት ይዞ ይመጣል፣ የራሱን ጭንቀት፣ የራሱን ጥያቄ፣ ከድሮው ትንሽ ጨምሮ ያቦካዋል። ሳይቦካ ብዙ ከቆየ እርሾው ይበላሻል፣ ከጎረቤት ከተበደርክ ደግሞ እንጀራህ የጎረቤት ቤት ጣዕም ይዞ ይወጣል።

ሁለት ሰው ልውሰድ። መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስ ያረፉት ታህሳስ 6 ቀን 2011 ነው፣ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ደግሞ ሚያዝያ 19 ቀን 2011። (በፈረንጅ ከሄዳችሁ አንዱ 2018 ሌላው 2019 ስለሚሆን በተለያየ ዓመት ያረፉ ይመስላችኋል፣ እባካችሁ ሰነድ ስታዩ መጀመሪያ የየትኛው አቆጣጠር ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ስንት ስህተት የሚመጣው ከዚች ነው።) የያዙት ወንበር አንድ ነው፣ የፕሬዝዳንትነቱ፣ ግርማ 12 ዓመት ነጋሶ 6 ዓመት ተቀመጡበት። በቆይታ ቢሆን ግርማ ነበሩ እጥፍ የሚታወሱት፣ ግን በንጉሡ ዘመን የፓርላማ አፈ ጉባኤ እንደነበሩ እንኳን ስንቱ ያውቃል? ስለ ነጋሶ የሚነሳው ደግሞ ቤተ መንግሥት የቆዩበት ጊዜ ሳይሆን ሊወጡ ሲሉና ከወጡ በኋላ ያለው ነው፣ ከኢህአዴግ መለየታቸው፣ በ1997 ምርጫ በግል ተወዳድረው ፓርላማ መግባታቸው፣ ወደ ፖለቲካ በመመለሳቸው የቀድሞ ፕሬዝዳንት ጥቅማጥቅም መቋረጡ፣ ከዛም ተቃዋሚው አንድነት ፓርቲ ውስጥ መግባታቸው። ያረፉት ለውጡ ትኩስ በነበረበት ሰዓት ነው፣ ኢህአዴግን ቀድሞ ጥሎ የወጣ ሰው በሚመሰገንበት ሰዓት። እኚሁ ሰው ከዛ 10 ዓመት ቀድመው ቢያርፉ ኖሮ ይሄው ታሪክ በቲቪ በሌላ ቃል ነበር የሚነገረው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ውስጥ ውሸት የለም እኮ፣ የተለወጠው ዱቄቱ ነው። ነጋሶ ራሳቸው የታሪክ ምሁር ነበሩ፣ ፒኤችዲያቸውን ፍራንክፈርት በሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ነው የሠሩት፣ ይሄ እምብዛም ሲነሳ አልሰማም፣ እኔን ይቆጨኛል።

መለስ ዜናዊን ደግሞ እዩ። ከ1983 እስከ 1987 የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዝዳንት ነበሩ፣ ግን «ፕሬዝዳንት መለስ» ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል አይደል? የኋለኛው ማዕረግ የፊተኛውን ዋጠው። ነሐሴ 2004 ሲያርፉ ፎቷቸው ከተማውን ሞልቶት ነበር፣ በኋላም በስማቸው ፋውንዴሽን በአዋጅ ተቋቋመ። ተንታኙ ይሄኔ «ያ ፕሮፓጋንዳ ነው እንጂ የሕዝብ ትዝታ አይደለም» ይለኛል፣ በጣም የምንለያየውም እዚህ ላይ ነው። ከልቡ ያለቀሰ ብዙ ሰው ነበር፣ ፎቶውን ያሰቀለ መንግሥትም ነበር፣ ሁለቱ አንድ ቡሃቃ ውስጥ ነው የቦኩት። ከቦካ በኋላ ይሄ ዱቄቱ ነው ይሄ እርሾው ነው ብሎ የሚለይ ማነው?

ጊዜ ያጠራል ለሚለው የንክሩማ፣ የጋናው የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት፣ ነገር ይበቃል። በ1966 (አሁን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ አክራ ላይ ሐውልታቸው ፈረሰ፣ በ1972 ቡካሬስት ሞቱ፣ መጀመሪያ ጊኒ ተቀበሩ፣ ከዛ ትውልድ መንደራቸው፣ ከዛ በ1992 አክራ ላይ የመታሰቢያ ፓርክ ተሠርቶ ሦስተኛ ጊዜ አረፉ። የተሰበረው ሐውልትም እዛው ፓርክ ውስጥ ለጎብኚ ቆሟል። እዚህ እኛ ጋ በ2012 የአፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ ሐውልት ቆመላቸው፣ ያውም ድሮ ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ። ሰውዬው ከሞቱ በኋላ ምንም አልጨመሩም፣ ግን አስከሬን ለማስመጣት የተደራደረ ሰው አለ፣ ድንጋይ ያስጠረበ አለ፣ ስማቸው ለራሱ ፖለቲካ ያስፈለገው አለ።

ስም ከተሰየመ ትዝታ አለ ማለት ነው የሚሉም አሉ። ፒያሳ ሂዱና እዩት፣ ታክሲ ውስጥ «ደጎል ላይ ወራጅ አለ» የሚል ሰው የፈረንሳዩን ፕሬዝዳንት እያሰበ አይደለም፣ ስድስት ኪሎ «ኬኔዲ እንገናኝ» የሚል ተማሪም ላይብረሪውን ነው የሚለው፣ በ1963 እዛ ዳላስ ላይ የተገደሉትን ሰውዬ አይደለም። ስም ሲለመድ ቦታ ይሆናል፣ ሰውየው ከውስጡ ይወጣል። የሚመልሰው ታሪኩን የሚያወራ ሰው ነው፣ በ2016 (ወደኛ አቆጣጠር ተመልሻለሁ) ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ስንት ሰፈር ሲነሳ እነዛ የሚያወሩት ሽማግሌዎች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሄዱ። ቡሃቃው ሲነሳ እርሾውን ማን እንደያዘ አልጠየቅንም።

ደግሞ እነዚህን አዛውንቶች ስታገኙ የነገሯችሁን እንዳለ የያኔው ነው ብላችሁ አትውሰዱ። ስለ 1980ዎቹ ዛሬ የሚጠየቅ ሰው ከዛሬ ላይ ሆኖ ነው የሚመልሰው፣ ይሄ መዋሸት አይደለም፣ ስለዚህ ቃሉን ስትቀዱ የተቀዳበትን ቀን አብራችሁ ያዙ። ቤታችሁ የመሪ ፎቶ፣ የጉብኝት፣ የቀብር ፎቶ ካለ ደግሞ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፣ ቦታውንና ማን እንዳነሳው ጀርባው ላይ ጻፉበት፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ እስክርቢቶው ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።