«40 በመቶ» ሲባል ትምህርት ቤቱ ወድቋል ማለት ነው?

አሜሪካ ያለን ወላጆች የልጃችንን መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪፖርት ስናይ «ሒሳብ 40 በመቶ» የሚለው ያስደነግጠናል። ያደግነው 50 ማለፊያ በሆነበት አገር ነዋ! ቁጥሩ ግን አማካይ ውጤት አይደለም። ከ100 ተማሪዎች 40ዎቹ በስቴቱ ፈተና የሚፈለገውን ደረጃ ደርሰዋል ማለት ነው። በአንድ ነጥብ የሳተውም፣ ጭራሽ ያልገባውም ልጅ እኩል «አልደረሰም» ተብሎ ይቆጠራል። ደረጃውን የሚያወጣው ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት ነው። ስለዚህ የሜሪላንድን ቁጥር ከቨርጂኒያ ጋር ማወዳደር አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ ውጤቱ በዘር፣ በቤተሰብ ገቢና በእንግሊዝኛ ተማሪነት (ቋንቋውን ገና በመማር ላይ በመሆን) ተከፋፍሎ እንዲወጣ ያዛል። የእኛ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ውስጥ ይገባሉ። አምና ከአዲስ አበባ የመጣውና እዚሁ አሜሪካ የተወለደው በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ። ይሄ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከቁጥር ይልቅ ኮከብ ምልክት ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ተማሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ተብሎ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ልጆቹ ከአምናው ምን ያህል እንደተሻሻሉ ነው። ሪፖርቱ ላይ ካላገኛችሁት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ አስተርጓሚ የመጠየቅም መብት አላችሁ።