«ማር አልቆርጥ፣ ንብ ምኔ ናት?» እና ሌሎች የማሳ ወሬዎች

ጎንደር ላይ ንብን የሚንቅ ሰው አታገኙም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ክብሩ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ማሳ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ይመስለኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ንብ ለባለ ቀፎ ናት፤ እኔ ማር አልቆርጥ።»

ኑግ የዘራ ሰው እንዲህ ማለት አይችልም። ደምቢያ ሜዳ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቢጫ ሲለብስ አይታችኋል አይደል? ያ ሁሉ አበባ በራሱ ተክል ብናኝ ፍሬ አይቋጥርም ማለት ይቻላል፤ ብናኙ ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት፣ የሚያመጣውም በዋናነት ንብ ነው። ንብ ያልዞረበት ኑግ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ አጭዳችሁ ስትወቁት ግን ገለባው ይበዛል። የጾሙ ዘይት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፣ የማሩ ነገር ትርፍ ነው።

«ጤፍና ስንዴ ከንብ ጋር ምን አገናኛቸው?»

ይሄኛው እውነት አለው፣ አልክድም። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በራሳቸው ብናኝ ያፈራሉ፤ በቆሎን ነፋስ ይበቃዋል። ባቄላ ግን በራሱ ቢያፈራም ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ይይዛል። ማንጎና ዱባማ ያለ ነፍሳት የትም አይደርሱም።

«ዱባዬን ዓይን በላው፤ አበባ እንጂ ፍሬ የለውም።»

እረ ዓይን አይደለም! ጠዋት ተነስታችሁ ዱባውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሁለት ዓይነት አበባ አለው። አንዱ ቀጭን አገዳ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ወንዱ እሱ ነው። ሴቷ ከአበባዋ ሥር ትንሽዬ ዱባ ይዛ ነው የምትወጣው። ሁለቱም ንጋት ላይ ይከፈቱና ረፋዱ ሳያልፍ ይከደናሉ፣ የወንዱ ብናኝ ደግሞ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ንብ ካልመጣ ያቺ ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች፤ ጎረቤት ይታማል። ንብ ጠፍቶ ከተቸገራችሁ ወንዱን አበባ ቆርጣችሁ ቢጫ ቅጠሉን ገሽልጡና ሴቷ መሐል ላይ አሹት፣ ይሠራል።

«ንብ ማለት የቀፎዋ ንብ ናት።»

በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያ አለ። አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ማር የማያከማቹ፣ መሬት ውስጥ ጉድጓድ የሚምሱ ናቸው። የእኛዋ ጣዝማ ብቻዋን አትኖርም እንጂ ቤቷ መሬት ውስጥ ነው፣ የመናደፊያ ጦርም የላትም። ማሯን ለመድኃኒት ስንል ጎጆዋን ቆፍረን እንገለብጠዋለን፣ ከዚያ ጣዝማ ጠፋች እንላለን። ዝንብ፣ ቢራቢሮና ጥንዚዛም ሥራውን ይሠራሉ። ስለዚህ የማሳውን ድንበር እስከ መጨረሻው ጫፍ አርሶ መጨረስ ጉብዝና አይደለም፤ ያ ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ወሰን የእነሱ ሰፈር ነው።

«ብዝኃ ሕይወት የስሜን ፓርክ ጉዳይ ነው።»

የዋልያው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የገብስ ዘርም ብዝኃ ሕይወት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስን ቫይረስ የተቋቋመው ዝርያ መከላከያውን የወረሰው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ጎተራ ውስጥ ያለውን የአያት ዘር ጨርሶ ከመጣል በፊት ይሄን ማሰብ ነው።

«ባሕር ዛፍም ዛፍ ነው።»

ነው። ንብም አበባውን ትወዳለች፣ ማር ይወጣዋል። ነገር ግን ከሥሩ ብዙም ነገር አይበቅልም፣ ንብ ደግሞ አንድ ሰሞን ጠግባ ሌላውን ጊዜ ተርባ አትኖርም። ግራዋ በበጋ ያብባል፣ ብሳናና ዋንዛም የየራሳቸው ወቅት አላቸው፤ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን ማየት ነው። ትናንሽ ንቦች ከጎጇቸው ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ ስለማይርቁ፣ ማዶ ተራራው ላይ ያለ ደን ለእናንተ ማሳ አይደርስም። ግራዋ እንደሆነ አጥር ላይም ይያዛል።

«ፀረ አረም አረም እንጂ ንብ አይገድልም።»

ክርክር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚነካው ቅጠለ ሰፋፊውን ነው፤ አደይ አበባም ኑግም ከዚያው ወገን ናቸው። ንቧን በቀጥታ ባይገድላት እንኳ ምግቧን ያጠፋዋል፣ ነፋስ ካለ ደግሞ የጎረቤትን ኑግ ይዞ ይሄዳል (ስንት ወዳጅነት በዚህ ተበላሽቷል)። የተባይ መድኃኒቱ ግን ንቧን ራሷን ነው የሚገድለው። ባቄላው ላይ ክሽክሽ ወጣ ተብሎ አበባው ፈክቶ ሳለ ረፋድ ላይ መርጨት ከሁሉም የከፋው ነው። የግድ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ንብ ወደ ቀፎ ከገባች በኋላ ይረጭ። ዱቄት ሆኖ የሚነሰነስ መድኃኒት ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ከአበባ ብናኝ ጋር እግሯ ላይ ተጣብቆ ቀፎ ድረስ ይገባል። ቀፎ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩት፣ መድኃኒቱ እስኪረጋ ድረስ ቀፎውን ይዝጋ።